ኬላ የሚያሳልፍ ቀለም

ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ቀለሟን የሚመርጠው ለገዛ ዓይኑ ነው። ዘነበ ግን የመረጠው ለኬላ ጠባቂ ዓይን ነበር። ለራሱማ ቢሆን ቀዩ ምን አጠፋ? ፒክአፗ ከሻጩ ግቢ የወጣችው እንደ ድልህ ቀልታ ነው፤ ፀሐይ ስታርፍባት ዓይን ትወጋለች። በዚያ በ1970 ዓ.ም. መጋቢት፣ ሰው የገዛ ጥላውን አስከትሎ መውጣት በሚፈራበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለች መኪና «ኑ እዩኝ፣ ኑ ጠይቁኝ» እያለች እንደምትጮህ ቁጠሯት። ሻጩ ሌላ ቀለም እንደሌለው ምሎ ተገዝቶ ነገረው። ሌሎቹ ሁሉ ተሸጠው እሷ ብቻ ለምን እንደቀረች ዘነበ አልጠየቀም፤ ገብቶታል።

ዘነበ አብነት ላይ ቅቤና ቆጮ ነጋዴ ነው። ቤቱ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን ሲያይ «አይ ነጋዴ! አገር ልጁን ሲቀብር እሱ መኪና ይገዛል» ብሎ አማው። ይማው። እውነቱን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ትርፌ ናቸው፤ መኪናዋ የተገዛችው ለአንድ ልጃቸው፣ ለኃይለሚካኤል ነው። ኃይለሚካኤል ከጥር ጀምሮ ኮልፌ አንድ ሸማኔ ቤት ውስጥ ተደብቋል። የቀበሌው ሰዎች ስሙን እየጠሩ ሁለት ጊዜ ቤታቸውን በርብረዋል፤ ፍራሽ ቀደዋል፣ የቅቤ ቅል ሰብረዋል። ዛሬ ልደታን የበረበረ ነገ ኮልፌ ላለመድረሱ ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ ዘነበ አንድ ነገር አሰበ። በግንቦት ልደታ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ዳቦ ይቆርሳል፤ ጎረቤትና መንገደኛ ይቀላቀላል። በዚያ ግርግር ልጁ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ቤት ይገባል። ሲነጋ ፒክአፗ ላይ ከባዶ ጆንያ ሥር ይተኛል። አባት «ቆጮ ላመጣ» ብሎ የጅማን መንገድ ይይዛል፤ ወልቂጤን አልፈው አያቱ ደጅ፣ እንሰቱ መሐል ያስገቡታል። እንሰት ውስጥ የገባን ሰው እንኳን አብዮት ጠባቂ፣ ጅብም አያገኘው። መሐል ላይ የቆመው ኬላው ብቻ ነው። ኬላ ላይ ደግሞ ጆንያ ይገለበጣል።

በዚያን ጊዜ በየቤቱ ያልተጻፈ ደንብ ነበረ። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ የግድ ካልሆነ በቀር ምንም አይነግሩም። ያልሰማ ሰው ቢገርፉትም አያወጣምና። ትርፌ የሸማኔውን ቤት ታውቃለች፤ ዘነበ አያውቅም። መልእክት የምታመላልሰው የእህቷ ልጅ እንዳለች ናት፤ ጎመን ሻጭ መስላ ትመጣና ከትርፌ ጋር ጓዳ ገብታ ታንሾካሹካለች። ያኔ ዘነበን ሳል ይይዘዋል፤ ደጅ ይወጣል። እሱም በበኩሉ ኬላውን በምን ዘዴ እንደሚያልፍ ለትርፌ አልነገራትም። ቀኑንና መኪናዋን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የቀረውን ግን እየተሳሱ ይደባበቁ ነበር።

የፈቃደ ጋራዥ አብነት ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ሦስቱ ግድግዳ ቆርቆሮ፣ አራተኛው ሰማይ። ፈቃደ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አፉ ሥራ የማይፈታ። ፒክአፗን ዞሮ ዞሮ አያትና ራሱን ያዘ።

«ጋሽ ዘነበ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም እኮ! ይቺን መቀባት ሙሽራን ፀጉሯን መላጨት ነው።»

«ላጫት» አለ ዘነበ።

ፈቃደ የቀለም ናሙናውን አመጣ፤ በየዓይነቱ ጣል ጣል ያደረገበት የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ዘነበ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። ነጩ የሐኪም መኪና ያስመስላል፤ ቁስለኛ ጫን ይሉታል። ሰማያዊው የታክሲ ነው። ቢጫው ከቀዩ በምን ይሻላል? አረንጓዴው የወታደር ነው፤ ወታደር ያልሆነ ሰው የወታደር ቀለም ይዞ ቢገኝ የሚመጣበትን አንድዬ ይወቀው። ሰው ለሠርግ ሸማ ሲመርጥ እንዲህ አይጨነቅም። እያንዳንዱን ቀለም ባየ ቁጥር ከጆንያው ሥር የተኛውን ልጁን ያያል፤ እያንዳንዱ ቀለም ላይ ጆንያው ይገለጣል።

ናሙናውን ሊመልስ ሲል ጥግ ላይ፣ ከረጢት የለበሰ አንድ ትልቅ ጣሳ አየ። በአፉ ጠርዝ ላይ የፈሰሰው ቀለም ግራጫ ነው። ፈቃደ ዓይኑን ተከትሎ ሄደና ጣሳው ፊት ቆመ።

«እሱ የሰው ነው።»

«የማን ሰው?»

ፈቃደ ወደ በሩ አየ። ያ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው ድምፁ ጠፋ።

«የእነሱ» አለ።

«እነሱ» ማን እንደሆኑ የሚያስረዳ አያስፈልግም ነበር። በዚያ ሰሞን በአብነትና በልደታ መካከል ሁለት ግራጫ ፒክአፖች ይዞሩ ነበር። ምልክት የላቸውም፤ ታርጋቸውንም ደፍሮ ያነበበ የለም። ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ አንድ ሰው አጠገብ ሲደርሱ ይበልጥ ቀስ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የለም። የትኛውም ኬላ አያስቆማቸውም፤ እንዲያውም ገመዱ ከሩቅ ነው የሚነሣላቸው።

ዘነበ የተሰማው ፍርሃት መስሎት ነበር፤ ደስታ ነው። ገመዱ ከሩቅ ነው የሚነሣላቸው!

«ከዚያ ቀባልኝ» አለ።

«እየቀለዱ ነው?»

«ስቀልድ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«ጋሽ ዘነበ፣ እኔ እንጀራዬ ነው፤ አምጣ ሲሉኝ ነው የምቀባው። እርስዎ ምን አስገደደዎት? ሰው ይሸሽዎታል እኮ!»

«ይሽሽ! እኔስ የምፈልገው እንዲሸሹኝ አይደል?»

ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው። በኋላ፣ የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ሲጠፋበት፣ ይህችው አንዲት ቃሉ ግን እንቅልፍ ትነሣው ነበር።

ፈቃደ አተኩሮ አየው። የዘነበ ልጅ ከሰፈር ከጠፋ መክረሙን ያውቃል። ከረጢቱንም ከጣሳው ላይ አነሣ። «የተረፈው ለአንድ መኪና ይበቃል» አለ። «ፈቃደ ነው የቀባልኝ እንዳይሉ ብቻ።»

ቤት ሲገባ ትርፌ «መኪናዋስ?» አለችው።

«ዘይት ልትቀይር ሄዳለች።»

«ለዋዜማው ትደርሳለች? በራችን ላይ መቆም አለባት።»

«ትደርሳለች።»

ለምን በር ላይ መቆም እንዳለባት አልጠየቃትም። ትርፌም አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳሉን ሰማችና ተወችው። ደንብ ነዋ።

ቀለም ደግሞ ቶሎ በል ቢሉት አይሰማም። ፈቃደ ቀዩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሳይጨርስ ዝናብ ጣለበት፤ ዝናቡ ሲያባራ መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ የመርጫው አፍ ተደፈነ። የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘነበ ሲደርስ ፒክአፗ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ቀይ የሚባል ነገር የላትም። ገና ሲያያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የገዛ መኪናው አስደነገጠችው። ፈቃደ አልሳቀም። «እጅዎን እንዳያሳርፉባት፤ ገና አልደረቀችም» አለው።

ዘነበ መሪውን ይዞ አብነት መንገድ ሲወጣ ታክሲዎች ጥግ ያዙለት። ቡና ቤት ደጅ ቆመው የሚያወሩ ጎልማሶች ወሬያቸውን ዋጡ። መታጠፊያው ላይ ጠመንጃ የያዙ፣ ለሰፈሩ እንግዳ የሆኑ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል፤ ሲያዩት ቀጥ አሉና አንደኛው እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። ዘነበ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ብቻውን፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ይሄ ቀለም ነው እንዴ? የይለፍ ወረቀት እንጂ!

ሰፈሩ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቷል፤ ሦስት ጉልቻ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ስንዴውና ሽምብራው ይንተከተካል። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ በጊዜ ይብሉ ብለው ነው። ፒክአፗ ወደ መንደሩ ስትታጠፍ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ። ንፍሮውን የምታማስለው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ የእሷ ሁለት ልጆች በየካቲት የሄዱት በእንዲህ ያለች መኪና ነበር። ከውስጧ ዘነበ ሲወርድ ማንም «እንኳን አደረሰህ» አላለውም።

ትርፌ በሩ ላይ ነበረች። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ቀይዋስ?» አለች በሹክሹክታ። «ቀይዋ መኪና የት አለች?»

«ይቺው ናት። አስቀባኋት። ኬላው እንዳያስቆመን ብዬ...»

ትርፌ እንዳትወድቅ የመኪናዋን በር ያዘች። ያልደረቀው ቀለም መዳፏ ላይ ተለጠፈ።

«በእንዳለች ልኬበታለሁ» አለች። «አባትህ ቀይ ፒክአፕ ገዝቶልሃል፣ ቀይዋን በር ላይ ካየህ ግባ፣ ሌላ መኪና ካየህ ግን ሽሽ፣ መጥተዋል ማለት ነው ብዬ ልኬበታለሁ።»

«ማን ላኪ አለሽ?»

«አንተስ ማን ቀባ አለህ?»

ተያዩ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንደዚያ ተያይተው አያውቁም። ማን ጥፋተኛ ይሁን? እሷ ልጇን ከወጥመድ ልታድን ነው፤ እሱም ልጁን ከኬላ ሊያድን ነው። ያልሰማ አያወጣም ብለው ነበር። ያልሰማ እንደማያድንም ማን ይንገራቸው?

«እንዳለችን ላኪያት!»

«የት አባቷ አገኛታለሁ! እሷ እኮ ልጁን ከቤት አስወጥታ ገጠር ገባች። አሁን መንገድ ላይ ነው። አውጣት ከዚህ! ገና አልደረሰ ይሆናል፤ ለልደታ ብለህ አውጣት!»

ዘነበ ዘሎ ገባ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ኋላ ወጣ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ። መኪናዋን አንድ ጥግ ጥሎ በእግሩ ቢሄድ ኖሮ! ሁለት እግር ነበረው፤ ልጁም የአባቱን አካሄድ በጨለማም ይለያል። ግን የጨነቀው ሰው በእጁ ያለውን እንደያዘ ነው የሚሮጠው፤ በእጁ ያለው መሪ ነበር። ከኮልፌ የሚመጣ ሰው በአብነት በኩል ስለሚመጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ይዞ ወደ አብነት ነዳ። እያንዳንዱን መንገደኛ ፊቱን ለማየት ቀስ ይላል፤ ሰዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ያልፋል፤ ደግሞ ቀስ ይላል።

አየው። የሰው ካፖርት ለብሷል፤ ከስቷል፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወትፏል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ትርፌ «እጅህን አውጣ፤ ብትወድቅ በምን ትደገፋለህ?» እያለች ትቆጣው ነበር። ዘነበ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ልጄ! አራት ወር ያላየሁህ ልጄ!

መታጠፊያው ላይ ግን እነዚያ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። ስሙን ጮኾ ቢጠራው ስሙ በእነሱ መዝገብ ላይ ያለ ስም ነው። ስለዚህ አልጠራውም። ፒክአፗን አጠገቡ አድርሶ ቀስ አለ፤ ይበልጥ ቀስ አለ፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ እጁን አወዛወዘለት።

ልጁ ዞሮ አየ። በዚያ ድንግዝግዝ የታየው ግራጫ ፒክአፕ ነው፤ አጠገቡ ደርሶ ቀስ ያለ ግራጫ ፒክአፕ፣ ከውስጡም የሚጠራ እጅ። እናቱ የላከችበትን አደረገ። ሮጠ።

ዘነበ ያን ጊዜ ነው የጮኸው። «ኃይሌ! እኔ ነኝ! ኃይሌ!» መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። መስኮቱን ሊከፍት ሲታገል «ቁም!» የሚል ሰማ፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። ሁለት ብቻ። ልጁ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በእጁ ሊይዝ ሞከረና ወደቀ።

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ፣ እያለከለከ ወደ ፒክአፗ ሮጦ መጣ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንዲሉ፣ ፊቱ በኩራት በርቷል። በከፊል በተከፈተው መስኮት ላይ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

«ጥለነዋል ጓድ! መሮጡን ስናይ እርስዎ የሚፈልጉት መሆኑን አወቅን።»

ዘነበ ከመሪው ላይ እጁን ማላቀቅ አቃተው። ዘልሎ ወርዶ የዚህን ሰው ጉሮሮ ማነቅ ፈለገ፤ አጥሩ ሥር ከልጁ ጋር መሞት ፈለገ። ግን ሰውየው የሚለውን ሰማ።

«የት ይወሰድ ጓድ? እዚሁ ይደር ወይስ ይጫን?»

እዚሁ ይደር! ዘነበ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ያደሩባቸውን አይቷል። አንገቱ ላይ ወረቀት አንጠልጥለው፣ እናቱ አጠገቡ እንዳትደርስ ጠብቀው፣ ማታ ወዳልታወቀ ጉድጓድ።

«ጫኑት» አለ። የገዛ ድምፁን አላወቀውም።

ሁለቱ ሰዎች ልጁን በእጅና በእግሩ ይዘው አመጡት፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። እንደ እንጨት ሊወረውሩት ሲወዘውዙት ዘነበ ሳያስበው ጮኸ።

«ቀስ! ቀስ በሉ!»

ጺማሙ ቀና ብሎ አየው። «ምን አሉ ጓድ?»

«ቀለሙ» አለ ዘነበ። «ቀለሙ ገና አልደረቀም።»

«ይቅርታ ጓድ» አለና ሰውየው ልጁን ቀስ አድርጎ አስተኛው። አዲሷ ፒክአፕ የመጀመሪያ ጭነቷን ተቀበለች። ለልጁ ተዘጋጅቶ የነበረውን ባዶ ጆንያ ዘነበ ራሱ ወርዶ አለበሰው። ፊቱን ሊስመው ጎንበስ አለና ቀና አለ፤ ያዩታል።

መንደሩ ሲመለስ ድስቱ እንደተጣደ፣ ሰዉም እንደቆመ ነበር። ተኩሱን ሰምተዋል። ትርፌ በሩ ላይ፣ ትቷት የሄደበት ቦታ ላይ ቆማለች። መኪናዋ ስትቆም ኋላዋን አየች፤ ጆንያውን አየች፤ ከጆንያው ሥር የወጣውን ጫማ አየች። ያን ጫማ የገዛችለት እሷ ናት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«እንዳታለቅሺ» አለ ዘነበ። «ግቢ። አያቱ ደጅ እናሳርፈዋለን።»

በዚያን ዘመን «የሕዝብ ጠላት» ለተባለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነው። ትርፌ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጭልፋዋን አስቀመጠችና፣ ማንንም ሳታይ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች። አጠገቧ የነበረችውም አዘቀዘቀች። አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ትርፌ ብቻ አላዘቀዘቀችም፤ ኬላ አለባት።

የጅማ መንገድ ኬላ ላይ መኪኖች ረጅም ሰልፍ ይዘዋል። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ለመውጣት የሚሽቀዳደሙ ናቸው፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ አይቸኩሉም። የእህሉን ጆንያ በሳንጃ ይወጋሉ፤ የሙሽራ ሻንጣ ያስፈታሉ። ዘነበ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሊቆም ሲል አንድ ጠባቂ ግራጫዋን አያትና እየሮጠ መጣ፤ ሌሎቹን መኪኖች እየገፋ መንገድ ከፈተለት። ገመዱ ከሩቅ ተነሣ። የኬላው አለቃ እጁን ወደ ግንባሩ አደረገ። ማንም ወደ ኋላው ጭነት አላየም፤ ማንም ጆንያ አልገለጠም። ሁሉም ነገር ዘነበ እንዳሰበው ሆነ። ፈቃደን ሊሰድበው ምክንያት አጣ፤ ቀለሙ የተባለውን ሠራ።

ከኬላው አልፈው፣ የጠባቂዎቹ መብራት ከጀርባቸው ሲጠፋ፣ ዘነበ መንገዱ መሐል ላይ ፒክአፗን አቆመ። ትርፌ ግራጫ መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየች ነው።

«ኬላውን አልፈናል» አላት። «አሁን አልቅሺ።»

ትርፌ ጮኸች። ዘነበም መሪው ላይ ተደፍቶ ጮኸ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የልጃቸውን ስም ጮክ ብለው ጠሩት። ከኬላው የተለቀቁት መኪኖች አንድ በአንድ ከኋላቸው ደረሱ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በጎን ማለፍ ይቻላል። ግራጫዋን ቀድሞ የሚያልፍ ግን አልተገኘም። ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ጡሩምባ ሳይነፉ፣ ተሰልፈው ቆሙ።